ከአክስታችን መርዶ የተደበቀው

ይድረስ ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሽ አረጋ፤

እንደምን ሰነበቱ? ያ የወገብዎ ሕመም ተሻለዎት? ባለቤትዎ ሙሉሃብትስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ያላችሁበት የአሰላ ከተማም እንደ ላስታ ይበርዳል ብለውኝ ነበርና ሐሳቤ ከእናንተ አልተለየም። እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልቤ ግን ደህና አይደለም።

እናት ሆና ያሳደገችን የአክስታችን የወለተ ሩፋኤል መርዶ እንደደረሰዎ ሰምቻለሁ። ከይምርሐነ ክርስቶስ ገዳም ስትመለስ ወድቃ፣ እግሯ ተሰብሮ፣ በዚያው ሞተች ብለው ነግረውዎታል። አገሩ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው፤ እኔም እየሰማሁ ዝም አልሁ። እርስዎን ግን ልዋሽዎ አልቻልሁም።

እግሯ በጀሶ ታስሮ እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ተኝታ ነበር፤ አጥንቱም እየገጠመላት ነበር። ለገና የመጣው እንግዳ ሁሉ ሲያስል ሰንብቶ ኢንፍሉዌንዛው እኔንም ያዘኝ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነርሱ አዝመራው፣ «ሸጌ፣ ቤትሽ ሄደሽ ተኚ፤ አንቺን በሳምንት ይለቅሻል፣ እነዚህን ደካሞች ግን ይጥላቸዋል» አለኝ። «ሁለቱ ባልደረቦቻችን ጦር ግንባር ሄደዋል፤ ማን ይሠራልሃል?» አልሁት። ነገሩ እውነት ነበር፤ ግን ጉንፋን አስተኛት እንዳልባል ኩራትም ነበረብኝ።

አክስታችንን ያጠብኋት፣ ያጎረስኋትም እኔ ነኝ። ሳሉ ሲያንቀኝ አይታ፣ «ልጄን፣ ብርድ መታሽ፤ ነይ ከጋቢዬ ግቢ» ብላ አቀፈችኝ። ሥራዬ ነውና እንደሚተላለፍ አውቅ ነበር። ግን ያንዘፈዝፈኝ ስለነበር ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጀመራት። ወደ ሳንባዋ ወርዶ ትንፋሽ አሳጣት። የነበረንን መርፌ ሁሉ ወጋናት፤ አልሆነም። የቃና ዘገሊላ ዕለት አረፈች። እስከ መጨረሻው አዝመራውን፣ «ይህችን ልጅ አሳርፋት፣ ታማለች» እያለች ትለምነው ነበር።

አዝመራው አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ያሳለ ሠራተኛ ሁሉ ቤቱ እንዲውል አድርጓል። ሥራው በዝቶብናል፤ ቢሆንም እየተጋገዝን እንወጣዋለን። ያኔም ይቻል ነበር ማለት ነው፤ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ለተዝካሩ ሲመጡ ዓይንዎን እያየሁ መናገር ስለማልችል አስቀድሜ ጻፍሁልዎ። ቢቆጡኝ እውነትዎን ነው፤ ብቻ መልስ አይንፈጉኝ።

ሙሉሃብትን በጣም ናፍቃሻለች ይበሉልኝ። ልጅዎን ቢሆነኝን ሁለት ጉንጩን ይሳሙልኝ። ልጅዎ ወለተ ሐና «እንደ አክስቴ እንደ ሸጌ ሐኪም ቤት እሠራለሁ» ማለቷን ጽፈውልኝ ነበር። ሲያማት መተኛት ነውር እንዳልሆነ ከአሁኑ ይንገሩልኝ።

እኅትዎ ሸጌ
ላሊበላ፣ የካቲት 3 ቀን 1970 ዓ.ም.