የዳዊትን መኪና ባትሪ የጨረሰው

ሐሙስ
ጠዋት ጎረቤቴ ፋጡማ ሰዎች አስከትላ መጣች። ገብታ እጄን ያዘችኝ። ያኔ ገባኝ። ልጄ ዳዊት ሻኪሶ ሲሄድ፣ ክብረ መንግሥት ሳይደርስ፣ የተሳፈረበት አይሱዙ ተገልብጦ ሞተ።
የራሱ ፒካፕ እዚሁ ግቢ ቆሟል። ትናንት ባትሪው ወርዶ አልነሳም ስላለው ነው በሰው መኪና የሄደው።
ማክሰኞ ሲመሽ ነጠላዬን ከመኪናው ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሩን ገጥሜዋለሁ? ካልገጠመ የጣሪያው መብራት ሲበራ ያድራል። «እማዬ፣ ጠበቅ አድርገሽ ዝጊ» ስንቴ ብሎኛል። አላስታውስም። ምንም አላስታውስም።

ዓርብ
ቀበርነው።
የዕድሩ ሰዎች ለድንኳኑ ቦታ እንዲሆን መኪናውን ሊገፉት ሲሉ ጮህኩባቸው። ሐዘን መሰላቸው። ስለ በሩ ለማንም አልተናገርኩም። 

ቅዳሜ
ሁሴን ለለቅሶ መጣ። መካኒክ ነው፣ የዳዊት ጓደኛ። «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ፣ እትዬ» ብሎ እንባው ቀደመው። ለብቻው ጠርቼ ነገርኩት።
«ኧረ እትዬ! በዚያች ትንሽ አምፖል?» አለ። ግን አላየኝም፤ መሬት መሬት ያያል። ሊያጽናናኝ ነው።
«በዓይኔ አሳየኝ» አልኩት።
ባትሪውን ፈትቶ ቻርጅ ሊያደርገው ወሰደ። እህቴ አልማዝ ተቆጣች። «ሐዘን ላይ ተቀምጠሽ መኪና ታስፈቻለሽ? ሰው ምን ይላል?» ይበል።

እሑድ
ሰልስቱ ነው። ሰው ቀለል ሲል ሁሴን ባትሪውን ይዞ መጣ። አንዱን ገመድ ሳያስር ትቶ፣ በገመዱና በባትሪው መሀል ትንሽ አምፖል አገናኘ። «ሁሉ ነገር ጠፍቶ ይህቺ ከበራች፣ ባትሪውን የሚጠጣ አለ ማለት ነው» አለኝ።
በራች። በሮቹን በእጄ ገፋሁ። ሁሉም ዝግ ናቸው።
ፊውዞቹን ተራ በተራ ነቀለ። የቴፑን ሲነቅል አምፖሏ ጠፋች። ቴፑን የቀጠለው ዳዊት ራሱ ነው፣ ያለ ቁልፍ እንዲዘፍንለት። «ሲዘጋም ይጠጣል፤ ባትሪውም አርጅቷል» አለ ሁሴን። ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ ሁለቴ ገፍተው እንዳስነሱትም ነገረኝ። ዳዊት እኔ እንዳልጨነቅ ደብቆኛል።
«በሩስ?» አልኩት።
ሁሉንም መልሶ አሰረና በሩን ከፈተው። ጣሪያው ላይ ምንም አልበራም። የመብራቱን ክዳን አነሳ። አምፖሉ ጠቁሯል፤ ከተቃጠለ ቆይቷል።
«እርስዎ አይደሉም፣ እትዬ። በአላህ፣ እርስዎ አይደሉም።»
አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። አልማዝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ አልተቆጣችም።

ሰኞ
ድንኳኑ ተነሳ። ትንሽ ተኛሁ።
እስከ ትናንት የማስበው ያንን በር ነበር። ዛሬ የማስበው እሱን ብቻ ነው። ይህ ይብሳል።
ሁሴን «እኛም ዱዓ እናደርግለታለን» ብሎኝ ሄደ። ይህን ደብተር የምታገኙ ሁሉ፣ እናንተም በየእምነታችሁ ለልጄ ጸልዩለት። በቤተ ክርስቲያን ስሙን የምታስጠሩ ካላችሁ፣ የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው።