ያልተገለበጠው ማግኔቶ፦ የአቶ ሬውበን ጀርድ የሕይወት ታሪክ

በ1912 (እ.ኤ.አ.) በሳውዝሃምፕተን የባሕር ወሽመጥ ላይ ስለተካሄደው የአገሮች የሞተር ጀልባ ዋንጫ ሁለት ታሪኮች አሉ። አንደኛው በሞተር ጀልባ ክበቡ አዳራሽ በመስታወት ሳጥን ውስጥ በናስ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። እንዲህ ይላል፦ «ጀልባችን ‹ከርሊው› ያሸነፈችውን ዋንጫ የተነጠቀችው፣ መካኒኳ ሬውበን ጀርድ ባለቤቷ ሳያውቁ የውጭ አገር ማግኔቶ ስለገጠመባት ነው።» ሁለተኛው ታሪክ የትም አልተቀረጸም። አቶ ሬውበን ጀርድ ለሃምሳ ዓመት ጥቂት ፈሪ ለሚሆን ጊዜ አንዲት ቃል ሳይለውጡ የተናገሩት ነው፦ «ሰር ኦብሪ ግጠም አሉኝ፤ አይሆንም አልኩ። ደግመው ግጠም አሉኝ፤ ገጠምኩ።»

ዛሬ ቅዳሜ በዚህ ቤተ ክርስቲያን በፊታችን ያረፉት ይህን ሁለተኛውን ታሪክ የተናገሩት ሰው ናቸው። እኔ የልጅ ልጃቸው ሁለቱንም አነብላችኋለሁ፤ ስሙና ፍረዱ። እሳቸውም በሕይወት ሳሉ ከዚህ የበለጠ አልጠየቁም።

አቶ ሬውበን ጀርድ ከአባታቸው ከአቶ ሳይላስ ጀርድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሃሪየት ፓርከር ኖቬምበር 9 ቀን 1884 በኢቸን ፌሪ መንደር ተወለዱ። አባታቸው በክረምት ዓሣ አጥማጅ፣ በበጋ የባለጸጎች የሸራ ጀልባ መርከበኛ ነበሩ። አቶ ሬውበን በደብሩ ትምህርት ቤት እስከ አሥራ ሦስት ዓመታቸው ተምረው በኢቸን ወንዝ ዳር ባለ የጀልባ መሥሪያ ግቢ ሥራ ጀመሩ። ሙያውን የተማሩት በእንፋሎት ሞተር ነው። በ1903 የመጀመሪያዎቹ የቤንዚን ጀልባዎች ወንዙ ላይ ሲታዩ ቀዛፊዎቹ ይስቁ ነበር። ጀልባዎቹ ሲነሱ እንደ ሳል በሽተኛ ያጓራሉ፤ ከሁለት አንዴ መሐል ውኃ ላይ ቆመው በገመድ ተጎትተው ይመለሳሉ። አቶ ሬውበን ግን አልሳቁም። ከተጎተቱት አንዷን ለሦስት ቀን ፈታተው፣ ለምን እንደቆመች አውቀው መለሷት። ከዚያ በኋላ የቆመ ሞተር ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣ ጀመር።

በዚያ ዘመን የሚወዳደር ጀልባ ሁለት ሰው ይይዝ ነበር፤ መሪ የሚይዝና ከሞተሩ ጎን ቁጢጥ ብሎ ዘይት የሚያጠጣ። ጋዜጦች መሪ የያዘውን ያነሳሉ። ሌላኛው ጢስ ይውጣል፣ የጋለ ቱቦ ይነካል። የአቶ ሬውበን የቀኝ እጅ ሦስት ጣቶች ጥፍር የሌላቸው ለዚህ ነበር። ከ1908 ጀምሮ ያገለገሉት የ«ከርሊው»ን ባለቤት ሰር ኦብሪ ክሪችን ነው። ሰር ኦብሪ ደፋር መሪ ያዥ ነበሩ፤ ይህን አያቴ አንድም ቀን አልካዱም። «ማዕበል ሲመጣ ዓይኑን የማይጨፍን ሰው ነው» ይሉ ነበር።

በ1910 ከወይዘሮ ዊኒፍሬድ ሂስኮክ ጋር በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

አሁን ወደ 1912 እንምጣ። የዋንጫው ደንብ ጥብቅ ነበር። አንዲት ጀልባ ከቀፎዋ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ድረስ በምትወክለው አገር የተሠራች መሆን ነበረባት። ውድድሩ ሦስት ዙር ሲሆን ሁለቱን ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። በመጀመሪያው ዙር የ«ከርሊው» ማግኔቶ፣ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው ዕቃ ማለት ነው፣ ውኃ ገብቶበት ጀልባዋ ቆመች። የአሜሪካኖቹ ጀልባ አለፈቻት። አዲስ እንግሊዝ ሠራሽ ማግኔቶ ከበርሚንግሃም እስኪደርስ ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ሁለተኛው ዙር በማግስቱ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ዕለት ጠዋት ሰር ኦብሪ ከመኪናቸው ያስፈቱትን ጀርመን ሠራሽ ማግኔቶ ይዘው ወደ ጀልባ ማቆሚያው ቤት መጡ። የወይዘሮ ዊኒፍሬድ ወንድም ጆብ ሂስኮክ የዘይት ጣሳ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የሰማውን ለእህቱ እንዲህ ብሎ ነግሯታል።

«ይኸውልህ ሬውበን፣ ይህን ግጠም።»

«ይህ የኛ አይደለም ጌታዬ። ደንቡን ከኔ በላይ ያውቁታል።»

«የእንግሊዙን ሽፋን አልብሰው። ማን ይከፍተዋል?»

«እኔ እከፍተዋለሁ ጌታዬ፤ ሥራዬ ነው።»

«ሥራህ እኔ ያልኩህን ማድረግ ነው። ካልቻልክ ንገረኝ፣ የሚችል አላጣም።»

አቶ ሬውበን ገጠሙት። ይህ ጥፋት ነው፤ ለዘመዴ ብዬ አላስተባብልም፤ እሳቸውም አላስተባበሉም። መግጠም አልነበረባቸውም። ቤታቸው የሁለት ወር ሕፃን እንደነበር ላነሳ እችላለሁ፤ ግን እሳቸው ያንን ሰበብ አድርገው አያውቁም።

በኢቸን ወንዝ ሠራተኞች ዘንድ ግን አንድ ልማድ አለ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው ዕቃ ሲገጥም የስሙን ሁለት ፊደልና ቀኑን በስል ብረት በዕቃው ፊት ላይ ይጭራል። ዕቃውን የገጠመው አይሆንም ብሎ ሳለ ታዝዞ ከሆነ ደግሞ ከግርጌው በኩል ያዘዘውን ሰው ስም ይጭራል። ማንም አይከፍተውም ቢባልም ይጭራል። አቶ ሬውበን ያን ጠዋት ሁለቱንም አደረጉ።

«ከርሊው» ቀሪዎቹን ሁለት ዙሮች አሸነፈች። ባሕሩ ዳር ማርሽ ባንድ ተመታ፣ ሰር ኦብሪ በትከሻ ተነሱ። በሦስተኛው ቀን አሜሪካኖቹ ምርመራ ጠየቁ፤ መብታቸው ነበር። ሽፋኑ ሲከፈት ጀርመን ሠራሹ ማግኔቶ ወጣ፤ ፊቱ ላይ «አር. ጄ.» የሚሉት የሬውበን ጀርድ ፊደላት ተጭረዋል።

ችሎቱ የተቀመጠው በክበቡ ምሳ ቤት ነው። አምስት ዳኞች፣ ሁሉም የጀልባ ባለቤቶች። ቃለ ጉባኤው አለ፤ አንብቤዋለሁ፤ ከአንድ ገጽ አያልፍም።

«ይህ ምልክት ያንተ ነው?»

«የኔ ነው ጌታዬ። ገልብጡት።»

«ምልክቱ ያንተ መሆኑን ነው የጠየቅንህ።»

«አዎ፤ ግን ግርጌውን እዩት።»

«ተጠየቅህ፣ መለስክ። ይበቃል።»

የአቶ ሬውበን ስሕተት ይህ ነው። ልማዱን ዳኞቹም የሚያውቁት መሰላቸው። ሃያ ዓመት በዚያ ወንዝ ላይ ጀልባ ያሠሩ ሰዎች፣ ሠራተኞቻቸው ምን እንደሚጭሩ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብለው እንዳላዩ ለአቶ ሬውበን ሊገባቸው አልቻለም። ሰር ኦብሪ በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ቃለ ጉባኤው «ሰር ኦብሪ ክሪች እጅግ ማዘናቸውን ገለጹ» ይላል። ሌላ ቃል የላቸውም። ጆብ ሂስኮክ ከበር ውጪ ቆሞ ነበር፤ የጠራው የለም። በ1917 በጦር ሜዳ ሞተ፤ ምስክርነቱም አብሮት ተቀበረ። ያን ዕለት ግን ከችሎቱ የወጡትን ዳኞች ደረጃው ላይ ጠብቆ፣ «እስቲ ጌቶቼ፣ ስሙን ጽፎ የሚሰርቅ ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብሏቸዋል።

አቶ ሬውበን ዕድሜ ልካቸውን ከውድድር ታገዱ። ማግኔቶውን ደግሞ ግርጌውን ወደ ታች አድርገው በወፍራም የኦክ ጣውላ ላይ በአራት ብሎን አሰሩት፤ ለወጣት መካኒኮች ማስተማሪያ ይሁን ብለው በመስታወት ውስጥ አኖሩት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ ያናድደኛል፤ ቢሆንም በቅደም ተከተል ልጻፈው። በ1914 ጦርነቱ ሲነሳ የጀርመን ዕቃ የገጠመ ሰው መሆን ከቀልድ አለፈ። መጠጥ ቤት ሲገቡ «ሬውበን፣ የበርሊን ዘመዶችህ እንዴት አደሩ?» ይሏቸው ነበር። በ1915 በባሕር ኃይሉ የቅኝት ሞተር ጀልባ ላይ ዘምተው አራት ዓመት ሙሉ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ሲያድኑ ኖሩ። ሁለት ጊዜ ቆሰሉ። ሲመለሱም ያው ጥያቄ ጠበቃቸው። ከ1919 እስከ 1950 በሃይዝ ማመላለሻ ጀልባ ላይ መካኒክ ሆነው ሠሩ። ከናንተ ውስጥ በሳቸው ሞተር ያልተሻገረ የለም።

በ1920ዎቹ ጀልባዎቹ ሲፈጥኑና ዓለም አቀፍ ውድድሩ ሲገን፣ የክበቡ ሰዎች የማይነሳ ሞተር ሲገጥማቸው አያቴን ያስጠሩ ነበር። በጓሮ በር። «በዋናው በር እንዳትመጣ፤ እንግዶች አሉ» ተብለዋል። ሄደው ያስነሱ ነበር። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ «አንተ ሰው፣ ለምን ትሄዳለህ?» ሲሏቸው፣ «ሞተሩ ምን አደረገኝ?» ብለው ይመልሱ ነበር።

በየዓመቱ በኦገስት ወር ለክበቡ አንዲት ደብዳቤ ይልኩ ነበር። ከዘመቱባቸው አራት ዓመታት በስተቀር አላቋረጡም። ደብዳቤዋ አንድ መስመር ናት፦ «እባካችሁ አራቱን ብሎን ፈታችሁ ገልብጡት።» በ1940 መንደራችን በቦምብ ሲፈርስ የደብዳቤዎቹ ቅጂ ከቤታቸው ጋር ተቃጠለ። በተከታዩ ዓመት የበኩር ልጃቸው ሳይላስ ባሕር ላይ ሞተባቸው። ያን ዓመት እንኳ ደብዳቤዋ ተጽፋለች። ሰር ኦብሪ የክበቡ ፕሬዚዳንት ሆነው ቆይተው በ1938 ሞቱ። ሐውልት አላቸው።

እኔ በ1958 የምሕንድስና ተማሪ ሳለሁ ወደ ክበቡ ሄጄ ዕቃውን ለማየት ጠየቅሁ። የክበቡ ጸሐፊ ሻምበል ሂዩ ላንግድን በትሕትና ተቀበሉኝ።

«ወጣት፣ ግርጌው ላይ ምንም የለም።»

«ምንም ከሌለ ለምን አናየውም?»

«ምንም ስለሌለ ነዋ።»

«ማን አይቶት ነው?»

«ጣውላው አርጅቷል፤ ብሎኑ ቢፈታ ይሰነጠቃል። ለቅርስ እናስብ።»

ስለ ጣውላው አስበዋል። ፍትሐዊ ለመሆን ግን ይህን ልበል፤ ግርጌውን እኔም አላየሁትም። ዝጎ ፊደሉ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። አያቴ ተሳስተው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ውሸታም ሰው በየዓመቱ ማስረጃ ይታይልኝ ብሎ አይለምንም፤ እውነት የያዘ ሰውም አራት ብሎን አይፈራም።

አቶ ሬውበን ጀርድን ባለፈው ኖቬምበር የሳንባ ሕመም ጀመራቸው። ሐኪሙ የአርባ ዓመት የሞተር ጢስ ነው አለ። በጃንዋሪ ከአልጋ መውረድ አቃታቸው፤ በውጪ የሚያልፈውን ጀልባ ግን በድምፁ እየለዩ «ሦስተኛው ሲሊንደር ደክሟል» ይሉን ነበር። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1961፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰባ ስድስት ዓመታቸው በዉልስተን ቤታቸው ዐረፉ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሻምበል ላንግድን የክበቡን ባንዲራ አጣጥፈው ይዘው ለቅሶ ደረሱ። ባንዲራው የሬሳ ሳጥኑን እንዲሸፍን፣ ሦስት ጀልባዎችም ሬሳውን በክብር ወንዙን እንዲያሻግሩት ክበቡ ወስኗል አሉ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ላይ «የ1912ቱ ስሕተታቸው በክበቡ ይቅር ተብሎላቸዋል» የሚል መስመር እንዲገባ።

አጎቴ ኤድጋር፣ ሰላም ወዳድ ሰው ነው፣ «እማዬ፣ አባባ አንዴ ሄዷል። ክብር ሲሰጡን እንቀበል፤ ጠቡም አብሮት ይረፍ» አለ። ክፉ አሳብ አልነበረም። ከዘመዶቹም ራሳቸውን የነቀነቁ ነበሩ።

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ሻምበሉን ቀና ብለው አዩአቸው።

«የኔ ጌታ፣ ካቻቢቴ ይዘዋል?»

«ይቅርታ እትዬ፣ ምን አሉኝ?»

«ካቻቢቴ። ብሎን መፍቻ። ባንዲራ ይዘው ከመጡ ብዬ ነው።»

ሻምበሉ ስለ ጣውላው መናገር ጀመሩ። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ እስኪጨርሱ ጠበቋቸው።

አቶ ሬውበን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዊኒፍሬድን፣ ልጆቻቸውን አቶ ኤድጋርንና ወይዘሮ ሃሪየትን፣ አምስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። የሰው ልጅ ያላነበበውን የሚያነብ፣ የታችኛውንም ፊት የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን በዋናው በር ያስገባልን፤ ለኛም መጽናናቱን ያድለን።

ሴት አያቴ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ለሻምበል ላንግድን የመለሱት ቃል በዚህ ጽሑፍ መጨረሻ እንዲነበብ፣ ከሱም በኋላ ምንም እንዳይጨመር አዘዋል። በትራቸውን ይዘው ተነሥተው፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉ፦

«ባንዲራችሁን ይውሰዱ፤ ጀልባም አንፈልግም። ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሬውበንን በትከሻ ይዘን በእግራችን ወደ ክበቡ እንመጣለን። ሳጥኑን ዋናው በራችሁ ላይ እናወርደዋለን። ዕቃውን አውጥታችሁ በሰው ሁሉ ፊት ትገለብጡታላችሁ። ባዶ ሆኖ ከተገኘ እኔው ራሴ ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ። እስክትገለብጡት ድረስ ግን ባሌን አልቀብርም።»