አሥራ ሁለተኛዋ የሻይ ሥዕል፤ የአቶ ሉክ ፑይ-ሃንግ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሉክ ፑይ-ሃንግ ከማራገቢያ ሠሪው ከአባታቸው ከአቶ ሉክ ዪንግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሖ ሳም-ሙይ እ.ኤ.አ. በ1936 በካንቶን ከተማ ተወለዱ። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ፑይ-ኪን ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ቤት ተወለደ። እናታቸው ዓሣ ባበሰሉ ቁጥር ጉንጩ ለበኩሩ፣ ጅራቱ ለታናሹ ይደርስ ነበር። ታናሹ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በ1949 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ሆንግ ኮንግ ተሻግረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከ1955 ጀምሮ ለሠላሳ ስድስት ዓመታት በወደብ መሻገሪያ ጀልባዎች ላይ በተቆጣጣሪነት አገለገሉ። በ1962 ከወይዘሮ ታም ዋይ-ፎንግ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሴት ልጃቸውን ካ-ዪንን አፈሩ።

አሮጌ ዕቃ መነገድ የታናሹ ሙያ ነበር። የድሮ የካንቶን ሠዓሊዎች ለባሕር ማዶ ገዢ የሣሏቸውን ሥዕሎች ያሳያቸውም እሱ ነው። ወረቀቱ ከቁጥቋጦ ግንድ ልብ እንደሚላጥ፣ እርጥበት እንደሚያሻግተው፣ ከታጠፈ እንደሚሰበር ያስተማራቸው እሱ ነው። እሳቸው ግን በዕረፍት ቀናቸው ብቻ ዞረው፣ እሱ ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ያላገኘውን ያገኙ ነበር። የገዛ ደንበኞቹ ሳይቀሩ "እስቲ ወንድምህን ጠይቅልን" ይሉት ጀመር። ታናሹ ይቀናባቸው ነበር።

በ1979 እሳቸው ከአንድ የመንገድ ዳር ነጋዴ፣ ሻይ ከተከላው እስከ ጭነቱ ያለውን የሚያሳዩ ዙሪያቸው በሰማያዊ የሐር ጥብጣብ የተከፈፈ አሥራ አንድ ሥዕሎች ገዙ፤ አሥራ ሁለተኛዋ፣ የመጨረሻዋ፣ ጎድላ ነበር። ታናሹ በዚያው ጠዋት በዚያው ነጋዴ ፊት አልፎ ነበር፤ ዝናብ ስለጀመረ ሻይ ቤት ገባ። በዓመቱ አሥራ ሁለተኛዋ ራሷ ወደ ታናሹ ሱቅ መጣች። ዙሪያዋ በዚያው ሰማያዊ የሐር ጥብጣብ ተከፍፏል፤ ሁለት ሸካሚዎች አንድ የሻይ ሣጥን በአንድ ዘንግ ተሸክመው ወደ ጀልባ ይወርዳሉ። ታናሹ በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ አልጋው ሥር ደበቃት። አልሸጣትም፣ ለማንም አላሳያትም። የፈለገው ወንድሙ ሳይሞላላቸው እንዲቀር ብቻ ነበር።

በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ማዕድ ላይ "ኪን፣ ያቺ ነገር አልተገኘችም?" ይሉታል።

"አልተገኘችም ጋሼ። ዕድለኛው እርስዎ ነዎት፣ ይፈልጓት እንጂ።"

"ግድ የለም፣ ብላ" ይሉና የዓሣውን ጉንጭ ሳህኑ ላይ ያኖሩለታል።

በ1986 ሚስት የሌለው ታናሽ ወንድማቸው በጽኑ ሲታመም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሩዝ ገንፎ እያበሰሉ፣ ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ እየተኙ አስታመሙት።

አቶ ፑይ-ሃንግ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2009 በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። እንደ አገሩ ደንብ የሚወዱት ነገር በወረቀት ተሠርቶ፣ በወዲያኛው ዓለም እንዲደርሳቸው ይቃጠል ዘንድ፣ ልጃቸው ሥዕሎቹን ያኖሩበትን አልበም ለሠሪው አሳየች። ከዚያም ይዛው ወደ ታናሹ መጣች።

"አጎቴ፣ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው። ሰውየው ምን ልሣልበት ይላል።"

ገጹ ሰማያዊ ጥብጣብ ተለጥፎለት ተዘጋጅቷል። ከሥሩ በእሳቸው እጅ "በወንድሜ ዘንድ ናት። ደረቅ ቦታ አስቀምጧታል። 1986" ተብሎ ተጽፏል። ወለል ላይ የተኛ ሰው አልጋ ሥር ያለውን ያያል።

ሃያ ሦስት ዓመት እያወቁ ጠየቁት። ታናሹ ከምንጊዜውም ይልቅ የቀናባቸው ያን ቀን ነው፤ እሱ ቢሆን ዝም ማለት እንደማይችል ያውቃልና። ቆርቆሮውን አውጥቶ ለካ-ዪን ሰጣት። ሥዕሏ ዛሬ ጠዋት ቦታዋ ገብታለች፤ የአሥራ ሁለቱም ቅጂ ከእሳቸው ጋር ይሸኛል።

አቶ ሉክ ፑይ-ሃንግ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። መንገዳቸው ይቅናላቸው፤ የቀደሟቸው አያቶቻቸው በደስታ ይቀበሏቸው። ታናሽ ወንድማቸውም በየዓመቱ ለጠየቁት ጥያቄ መልስ ይዟል፦ ጋሼ፣ ተገኝታለች።