ትንኝ ያለበት ባሕር

ሰኞ፣ ሐምሌ 9

ለንስሐ አባቴ ያልተናዘዝሁት አንድ ነገር አለኝ። ሰው አላምንም። ዋሸሁ፣ ተቆጣሁ፣ ቂም ያዝሁ ብዬ ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን አንድም ቀን አልነገርኋቸውም፤ ምክንያቱም እሳቸውንም አላምናቸውም። ባለቤቴ ዘነበች ስትታመም ሐኪሙን ጠረጠርሁ። ስትሞት መድኃኒቱን ጠረጠርሁ። በቀብሯ ቀን አብዝቶ የሚያለቅሰውን ሰው «ይኼ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» እያልሁ ስመለከተው ዋልሁ። እኔ ራሴ ሳላለቅስላት ቀበርኋት። እዚህ ከጻፍሁት ምናልባት አንድ ቀን ለመናገር ይቀለኛል።

ይህን ያስታወሰኝ የዛሬው ስብሰባ ነው። ከሥራ መልስ ፋብሪካው አዳራሽ ተሰበሰብን። የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጓድ ለማ «የዘንድሮ ኮከብ ሠራተኞች» ብሎ ሁለት ስም ጠራ። አንዱ የማቅለሚያ ክፍሉ ዱካሌ፣ ሁለተኛው የክር መፍተያው እኔ። ሽልማቱ ኩባ አገር፣ የካሪቢያን ባሕር ዳር፣ ሁለት ሳምንት እረፍት። አውሮፕላኑ፣ አልጋው፣ ምግቡ፣ መጠጡ፣ ሕክምናው፣ ሁሉም በነፃ።

ተጨበጨበ። እኔ ያሰብሁት «ከኔ በፊት የማን ስም ተሰርዞ ነው?» ብዬ ነው።

ሁለት ማረፊያ ቤት አለ፤ መምረጥ የኛ ፋንታ ነው። ግን ሁለታችንም አንድ ቦታ ነው የምንሄደው። እስከ ቅዳሜ ካልተስማማን ዕድሉ ለሌላ ፋብሪካ ያልፋል። በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ሰጡን። «ነፃ» የሚል ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሲበዛ ደስ አይለኝም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 10

ዝናብ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ አነበብሁ።

አንደኛው በሰሜኑ ዳርቻ ነው። አሸዋው እንደ ዱቄት ነጭ። ክፍሉ ለሁለት ሰው። በቀን ሦስት ጊዜ ሥጋ፣ አይስ ክሬም እስኪበቃ። የመዝናኛ ጀልባ፣ ሲኒማ፣ ማታ ማታ ሙዚቃና ዳንስ። ቀን ከሌት የሚሠራ ሐኪም አለ፤ ለጉልበትና ለወገብ ሕመም የሚያሽ ባለሙያም አለ።

ሁለተኛው በደቡቡ ዳርቻ ነው። ክፍሉ ለስድስት። ሩዝና ቦሎቄ፣ አንዳንዴ ዓሣ። ዳርቻው ጭቃ ነው፤ ወረቀቱ «ጭቃ» አይልም፣ «ለስላሳ መሬት» ነው የሚለው። አጎበር ይሰጣል ይላል። አጎበር የሚሰጥ ቤት ትንኙንም አብሮ ይሰጣል። ሲኒማ የለም፣ ዳንስ የለም። የመዝናኛ ጀልባም የለም፤ ሕዝብ የሚያመላልስ መርከብ ከአጠገቡ ይነሣል፣ ያው ነው።

ይህም ምርጫ ሆነና! ሕፃንም አይሳሳተውም። ስለዚህ አንደኛውን ጠረጠርሁ። ወረቀቱ ላይ ፎቶ አለ። ሰዎቹ ባሕር ዳር ቆመው ይስቃሉ፤ አንድም የረጠበ የለም። እረፍት ቤት ከሆነ ሐኪሙ ቀን ከሌት ምን ይሠራል? ሰው ስለሚበላ ዓሣም አንድ ቃል አልተጻፈም። እኔን የሚያስፈራኝ ያልተጻፈው ነው።

ግን ጉልበቴን አሰብሁ። በዚህ ሐምሌ ከአልጋ የምነሣው ግድግዳ ይዤ ነው። አንደኛው ይሁን አልሁ።

አንድ ችግር አለ። ጉዞው በነሐሴ መጀመሪያ ነው፤ ፍልሰታ። ማዕዱ የጋራ፣ ምግቡ ሥጋ፣ አብሮን የሚሄድ ካድሬም አይጠፋም። ፋብሪካው ውስጥ እንደምጾም የሚያውቅ የለም። በጾም ቀን ሽሮ ሳዝዝ ሥጋ የማይስማማኝ ይመስላቸዋል፤ እኔም አላረምኋቸውም። ኮከብ ሠራተኛ ጾም አያውቅም። እዚያ ስደርስ «ሆዴን አመመኝ» ይባላል። አንድ ዘዴ አላጣም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 11

ምሳ ሰዓት ዱካሌ ራሱ መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠ። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ የቡሹሎ መንደር ልጅ። ድሮ ቀለም እያማሰለ መዝሙር ሲያንጎራጉር ይሰማ ነበር፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

«ጋሼ ወርቅነህ፣ እርስዎ የቱን አሰቡ?»

«አንደኛውን ነዋ። አንተስ?»

«ሁለተኛውን።»

የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«አንተ ልጅ፣ ትንኝ ትወዳለህ?»

«ትንኝማ አዋሳም አለ፣ ጋሼ። ለምደነዋል።»

«ታዲያ ለትንኝ ብለህ ባሕር ትሻገራለህ? ሐይቁ ዳር ሄደህ ብትተኛ አይቀልህም?»

«ጸጥታውን ወድጄው ነው።»

«ስድስት ሰው በሚያንኮራፋበት ክፍል ጸጥታ!»

እንጀራውን ቆረሰና ሳይጎርሰው መልሶ አስቀመጠው። «እባክዎ ያስቡበት» ብሎ ተነሣ። ሲለምን እንዲህ አይቼው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ነበር። ክር ተበጠሰብኝ፣ ቀጠልሁት፣ እንደገና ተበጠሰ። የተሻለውን ትቶ የባሰውን የሚመርጥ ሰው ሌላ የሚፈልገው ነገር አለው። ያን ጊዜ መርከቡ ትዝ አለኝ። ይኸው! ሊጠፋ ነው። አንድ ማለዳ ሕዝብ መሐል ገብቶ ይሳፈራል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚደርስ ማን ያውቃል? ተጠያቂው እኔ ነኝ። «አብረኸው አልነበርህም? እንዴት አላየህም?» ከባሕር ዳር ቀጥታ ወደ እስር ቤት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 12

ጠዋት የክፍላችን ሴቶች ዙሪያዬን ከበው ተሳለቁብኝ። «ጋሼን በቁምጣ ልናያቸው ነው!» «ኧረ ኩባዊት ይዘው እንዳይመጡ!» እንዳልሰማ ሆንሁ። ቁምጣውን ግን አላሰብሁትም ነበር።

ከዚያ ጓድ ለማ ቢሮው አስጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን ጠረጠርሁት፤ ጠጣሁት።

«ጓድ ወርቅነህ፣ እርስዎ አስተዋይ ሰው ነዎት። ብዙ አይናገሩም፤ ግን ያያሉ።»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ።

«ዱካሌ ትናንት ሁለተኛውን ብሎ አስመዝግቧል። ትንኝ የሞላበትን ቤት ለምንድን ነው የሚፈልገው? ጤነኛ ሰው እንደዚያ ይመርጣል? ይጠይቁትና ቅዳሜ ኮሚቴው ፊት ይነግሩናል።»

አፌን ከፈትሁ። መርከቡን ልነግረው ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ያስቆመኝ ደግነት አይደለም። ጓድ ለማንም ስለማላምነው ነው። «እጠይቀዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ አፈርሁ። ሰውዬው ለዚህ ሥራ የመረጠኝ ምን አይቶብኝ ነው?

ለጸሎት ቆሜ ሐሳቤ እምቢ አለኝ። ዘነበች ብትኖር «አንተ ሰውዬ፣ ነገር ከምትፈትል ልጁን አትጠይቀውም?» ትለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ሐምሌ 13

ከሥራ መልስ በር ላይ ጠበቅሁት። «ወደ ሐይቁ እንውረድ» አልሁት። ፊቱ ተለወጠ፤ ግን መጣ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ከጎናቸው ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ።

«ለምን ሁለተኛውን?» አልሁት ያለ መግቢያ።

ወደ አጥማጆቹ ዞሮ «ጋሼ፣ ሰው እርስዎን ምን እንደሚል ያውቃሉ?» አለ።

«ምን ይለኛል?»

«አይቀየሙኝም?»

«ተናገር እንጂ!»

«ጆሮ ጠቢ።»

እኔ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ምግብ ቤቱ ትዝ አለኝ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ምግብ ቤት ጥግ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሰውን አንድ በአንድ የማይ እኔ ነኝ። እኔ ስፈራቸው ለካ እነሱም ይፈሩኝ ኖሯል። እኔን ሲያይ ስንቱ ወሬውን አቋርጦ ይሆን?

ምን እንዳደፋፈረኝ አላውቅም፤ ሁሉንም ነገርሁት። ጓድ ለማ እንዳስጠራኝ፣ ጠይቅ እንደተባልሁ፣ ሊጠፋ ነው ብዬ እንደጠረጠርሁት፣ ልናገርበት አፌን እንደከፈትሁ።

«ጆሮ ጠቢ እንዲህ አያወራም» አለ።

ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ከሁለተኛው ማረፊያ አጠገብ የሚነሣው መርከብ የሚሄደው የኛ አገር ልጆች ወደሚማሩበት ደሴት ነው። አስቴር የምትባል ልጅ እዚያ አለች። የተመዘገበችው ጦርነት ላይ የወደቀው የወንድሙ ልጅ ተብላ ነው፤ የሚወሰዱት አባት የሌላቸው ነበሩና።

«የወንድሜ አይደለችም፣ ጋሼ። የኔ ናት። እናቷ እሷን ስትወልድ ሞተች። ያን ጊዜ ሥራ የለኝ፣ የማበላት የለኝ። ወንድሜ ሲሞት በሱ ስም አስመዘገብኳት።»

ስትሄድ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር። አሁን ኮረዳ ሆናለች። ሰው እንዳይነቃባት «አጎቴ በይኝ» ብሎ አስጠንቅቆ ነው የላካት። ደብዳቤዋ ሁሉ «ውድ አጎቴ» ብሎ ይጀምራል።

«መጀመሪያ ማስመሰሏ እንደሆነ አውቅ ነበር» አለ። «አሁን ማስመሰሏ ይሁን መርሳቷ አላውቅም። በዓይኔ ካላየኋት አላውቅም።»

እውነቱ ቢወጣ እሷን ይመልሷታል፣ እሱን ያስሩታል። እዚያ ዘመድ እንዳለው እንኳ ፋብሪካው ቢያውቅ ከጉዞው ይሰረዛል።

ስንለያይ አምኜው ነበር። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ያ የለመድሁት ትል መጣ። ተረት ቢሆንስ? ልቤን ሊያባባ ፈጥሮት ቢሆንስ? መርከቡ አሁንም መርከብ ነው። ጥርሷንስ ለምን ጨመረበት? ሳልጠይቀው ጥርስ ምን አመጣው?

አምላኬ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሰው አድርገህ አታስቀረኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 14

አለቀ። እንደሆነው እጽፋለሁ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ዱካሌ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጓድ ለማ እስክሪብቶውን እያንቀሳቀሰ «እህስ ጓድ ወርቅነህ፣ ይኼ ሰው ሁለተኛውን ለምን እንደፈለገ አወቁልን?» አለ።

ያዘጋጀሁት ውሸት ነበረኝ። ዱካሌ ሥጋ አይወድም፣ ሕዝብ ሲበዛ ይጨንቀዋል፣ እንዲህ ያለ። እዚያ ስቆም ጠፋብኝ። የሱን እውነት መናገር አልችልም። የራሴ ብቻ ቀረ።

«የሱን ተዉትና የኔን ስሙኝ» አልሁ። «እኔም ሁለተኛውን ነው የምፈልገው። ጉዞው በፍልሰታ ነው። እጾማለሁ። አንደኛው ቤት ሥጋ በሥጋ ነው፤ ሁለተኛው ሩዝና ቦሎቄ አለው። ያ ይበቃኛል።»

አንዱ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ጓድ ለማ ብቻ አልሳቀም።

«ጓድ ወርቅነህ! ኮከብ ሠራተኛ!»

«አዎ።»

«ፋብሪካው የመረጠዎ ለጾም ነው?»

«ለክር ነው። ክሩንም ጾሜ ነው የፈተልሁት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጅነቴ። ይቅርታ የምጠይቃችሁ ለመደበቄ እንጂ ለመጾሜ አይደለም።»

እንዴት እንደወጣኝ እኔንም ገረመኝ። ጠረጴዛውን ይዤ ቆምሁ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገሩ። ስለ ኋላ ቀርነት፣ ስለ ንቃተ ኅሊና፣ ከውይይት ክበብ ስለመቅረቴ፣ እኔን ለሽልማት ማን እንዳቀረበኝ። አንዱ «ለቦሎቄ ብሎ ኩባ! ሲዳሞ ሞልቶ የለም እንዴ?» አለና እንደገና ተሳቀ። ዱካሌን የጠየቀው የለም። በሩ አጠገብ እንደቆመ ረሱት።

በመጨረሻ ጓድ ለማ ሰዓቱን አይቶ ቃለ ጉባኤ አስጻፈ። ሁለቱም ስለተስማሙ ሁለተኛው ማረፊያ ጸድቋል። የዱካሌ ጉዞ እንዳለ ነው። የወርቅነህ ጉዳይ ግን ለበላይ አካል ይቀርባል፤ በቦታው ሌላ ሰው ሊታይ ይችላል። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገሩ እረፍት በማጣት ብቻ ላያበቃ ይችላል።

ውጭ ዱካሌ ሮጦ ደረሰብኝ።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉ?»

ዓይኑ ቀልቷል። አየሁት። በእውነት አባቷ ነህ? የሚለው ጥያቄ አፌ ድረስ መጣ። ዋጥሁት።

«ስትመለስ አንድ ነገር ትነግረኛለህ» አልሁት። «ስታይህ ምን ብላ እንደጠራችህ።»

«አብረን እንሄድ የለም እንዴ?»

«እሱን የበላይ አካል ያውቃል። አንተ ብቻ ንገረኝ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ።

ማመን ማለት ይህ ከሆነ ልብ አያሳርፍም። ሆኖም ቃለ ጉባኤው ላይ፣ «ምክንያት፦ ጾም» ከሚለው ሥር፣ ስሜን ጽፌ ፈርሜያለሁ።