የቡቲዬው ቤት ተከራዮች

ይድረስ ለልጄ ለፈቃደ፤ ባለህበት ሁሉ የድንግል ማርያም ጥላ አይለይህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሱቁም ደህና ነው።

ከድንበሩ አጠገብ ቡቲዬ ያለውን ቤታችንን እንዲያከራይልን የሰጠነው ደላላ ሁቃ ግን አቃጥሎኛል። ጣሪያው ያፈሳል ስለው "ሃኩና ሺዳ ማማ፣ ችግር የለም" ይልና ከዚያ ወዲያ ስልክ አያነሳም። ተከራዩ ማን እንደሆነ እንኳ አልነግርሽ አለኝ። ባለፈው ሰኞ ሱቁን ዘግቼ በሞተር ብሄድ በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ ውስጥ ሰው ያስላል። ሁቃን ከቢሮው ይዤ መጥቼ አስከፈትኩት። ወደ ደቡብ የሚሻገሩ የአገራችን ወጣቶች መሬት ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል።

"ለጥቂት ቀን ነው፤ ምን ጎደለብሽ?" አለኝ።

ቁልፉን ተቀብዬ አባረርኩት። ልጆቹን ግን ውጡ ማለት አቃተኝ። ሩዝ ቀቀልኩላቸው። በየት በኩል እንደሚሄዱ፣ እንዳንተ ቀድሟቸው የሄደ ሰው የት እንደደረሰ ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አንዱ የሆሳዕና ልጅ "እትዬ፣ ለእናቴ ይደውሉልኝ" አለኝ። ለእናቱ ደወልኩላቸው። ስሙን ስጠራላቸው "ድምፁን አሰሙኝ" አሉኝ። ስልኩን ለልጁ ሰጥቼ ወደ ግቢ ወጣሁ። እሱ በማግስቱ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሌሎቹ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጣሪያውን ራሴ አሠራሁት። ትናንት ሁቃ ይቅርታ ብሎ ሌላ ተከራይ ይዞ መጣ።

"ቤቱ ተይዟል" አልኩት።

"በማን?" አለኝ። አልጋህን እዚያ አንጥፌዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ጆሃንስበርግ ያሉት አጎትህ በሱቃቸው ያቆዩልሃል፤ ስትገባ አንብበው። በሰላም ያገናኘን።

እናትህ ወርቅአየሁ
ከሞያሌ