ጉሌድ ለምን «ሆዮ» ተባለ

ሰኞ፣ የካቲት 6

አለቀ። ስምንት ወር ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ዋይፋይ ሥር ተለጥፌ የተከታተልኩት የኦንላይን የሚሲዮናውያን ሥልጠና ዛሬ ከሰዓት አለቀ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። አሠልጣኛችን «እንኳን ደስ አላችሁ» ሊል ሲል ምስሉ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ብቻዬን ስቄ ሞትኩ።

ምድቤ ታውቋል፤ ከአርባ ምንጭ ወዲያ ነው። መኪና እስከሚያደርሰው ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ዝናብ አለ? ምን ይበላሉ? ሰው ቤት ሲገባ ምን ተብሎ ነው የሚገባው? ጅግጅጋ ተወልጄ ጅግጅጋ ያደግኩ ነኝ፤ ከሐረር ወዲያ የሄድኩት አንዴ ብቻ ነው።

የቀረኝ አንድ የቤት ሥራና አንድ ቅጽ። የቅጹ የመጨረሻ ገጽ «የቤተሰብ ቃል» ይላል። እማዬ በገዛ እጇ መጻፍ አለባት። እስከ ዓርብ ካልተላከ መሄድ የለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 7

ቅጹን ሰጠኋት። የደንበኛ ድርያ፣ ያን ሰፊ የሶማሌ ሴቶች ቀሚስ፣ እየሰፋች ነበር። በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችውና «አስቀምጪው» አለች። አስቀመጥኩት። የሲንገሯን ፔዳል መልሳ ረገጠች።

ዝም ስትል እፈራለሁ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ «ልጅሽን ለጌታ ሰጠሽ» እያለ ሲጨብጣት ፈገግ ትላለች፤ ቤት ስንገባ ግን ወሬዋ ስለ ሽንኩርት ነው። አባዬ ከሞተ አምስት ዓመቱ። እኔ ስሄድ እሷና ሲንገሯ ይቀራሉ። ይህን ስለማውቅ አልገፋኋትም።

ረቡዕ፣ የካቲት 8

የቤት ሥራው እንዲህ ይላል፦ ሌላ እምነት ያለው ጎረቤት ስለ መሄዳችሁ ምን እንደሚያስብ ጠይቁ፣ ግማሽ ሰዓት አዳምጡ፣ አትመልሱ። እኔን አትመልሺ ማለት ዶሮን አትጫሪ እንደ ማለት ነው።

ማን ጋ እሄዳለሁ፣ ኤዶ ሳፊያ ጋ ነው እንጂ። ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ከእማዬ ጋር አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። የግመል ወተት ትሸጣለች። ዘንድሮ በድርቁ ወተቱ ስለጠፋ ጊዜ ነበራት።

«እዚያ ያሉት ሰዎች ጠርተውሻል?» አለችኝ በመጀመሪያ። አትመልሱ ስለተባለ ሰዓቴን አየሁ።

«ከሃይማኖታቸው ልታወጫቸው ነው የምትሄጂው?» ይቺኛዋ እስካሁን ውስጤ አለች። መልስ የነበረኝ ይመስለኝ ነበር።

«ወላሂ ዛሬ አሞሻል፤ ዝም ብለሽ አታውቂም» አለችና ሳቀች። ከዚያ ስለ እማዬ ጀመረች። «እናትሽም ሳትጠራ ነው የመጣችው። አባትሽ መምህር ሆኖ ተመደበ፣ ተከትላው መጣች። ሶማሊኛ አንድ ቃል የላትም። እኔ ልጄን ‹ሆዮ፣ ና› ስለው ሰምታ ስሙ መሰላት።»

ሆዮ እናት ማለት ነው። እናት ግን ልጇንም መልሳ ሆዮ ትለዋለች፤ እኛም ልጅን «የኔ እናት» እንደምንለው። እማዬ ይህን አታውቅም። ዓመት ሙሉ «ሆዮ፣ ና ዳቦ ብላ»፣ «ሆዮ፣ ጫማህስ?» እያለች ኖረች። ግቢው በሳቅ ይሞታል፣ የሚነግራት የለም።

«ለምን አልነገርሻትም?» አልኩ። ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ችዬ እዚህ ላይ ተሸነፍኩ።

«ልጁ ወደደዋ። ሁለት እናት ያገኘ መሰለው። በኋላ እኛም ለመድነው።»

ለካ የኤዶ ልጅ ጉሌድ «ሆዮ» የተባለው በዚህ ነው። ጺማም የባጃጅ ሹፌር ሆኖ ሰፈሩ ሁሉ «ሆዮ» የሚለው ሰውዬ፣ ስሙን ያወጣችለት የኔ እናት ናት። ዕድሜዬን ሙሉ ሶማሊኛ እየተናገርኩ አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ከአርባ ምንጭ ወዲያ ሄጄ የምጠይቀውን ግን ደርድሬያለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 9

እማዬን ስለ ሆዮ ጠየቅኳት። መርፌው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ሳምንቷ።

«ስሙ ጉሌድ መሆኑን የሰማሁት ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ነው። አፍሬ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ሳፊያ ናት ጎትታ ያወጣችኝ» አለች። መርፌውን ስንፈልግ ቆየንና፣ «እዚያ ሳፊያ የምትሆንሽ ሰው ታገኚ ይሆን?» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለወለሉ።

ቅጹ እንደተቀመጠ ነው። ልብስ እያጠብኩ አለቀስኩ። መሄዱን ምን ያህል እንደምፈልገው ያወቅኩት ዛሬ ነው፣ ልቀር ነው ብዬ ስፈራ።

ዓርብ፣ የካቲት 10

ጠዋት ቅጹን ቦርሳዬ ላይ አገኘሁት። የፊደል ግድፈቱን ብቻ አርሜ ስገለብጠው እንዲህ ይላል፦

«ልጄ እንድትሄድ ፈቅጃለሁ። ወሬ ታበዛለች፣ ቻሉልኝ። ቋንቋችሁን ስትሳሳት ሳቁባት፤ እኔም የለመድኩት እየተሳቀብኝ ነው። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን ምሳ ስጧት።»

አንብቤ ወጥቼ አቀፍኳት። «ሂጂ፣ ኔትወርክ ሳይጠፋ» አለችኝ። ጠፋ። ሁለቴ። አሥር ሰዓት ላይ ሄደልኝ። አስተባባሪው «የእናትሽን አነበብነው። ሰኞ ተነሺ» ብቻ ብሎ መለሰ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 11

ሻንጣ። ሁለት ቀሚስ። መጽሐፍ ቅዱስ። ባትሪ። መርፌና ክር (እማዬ፣ ሳልጠይቃት)። የወባ አጎበር። አንድ ሰማያዊ ድርያ፤ ጨርቁ የኤዶ ሳፊያ፣ ስፌቱ የእማዬ። «ለሙቀት እሱን የሚያህል የለም» አለች ኤዶ። እዚያ ይህን ለብሼ ሲያዩኝ ምን ይሉ ይሆን? ይጠይቁኝ።

ለኤዶ ጥያቄ መልስ አላገኘሁም። እሱንም ይዤው ልሄድ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 13፣ አውቶቡስ ውስጥ

ትናንት በጉባኤው ፊት ጸለዩልኝ። ዛሬ ማለዳ ጉሌድ በባጃጁ አደረሰን። እማዬ መንገዱን ሁሉ ሻንጣዬን አቅፋ ነበር፤ አላለቀሰችም፣ እኔም እሷን አፍሬ አላለቀስኩም።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል መስኮቱ ሥር መጥታ «ሆዮ» አለች።

እኔም ጉሌድም እኩል «አቤት» አልን።

አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና ሳቋ መጣባት። በነጠላዋ አፏን ይዛ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ማንኛችንን እንደጠራች፣ ምን ልትል እንደነበር ሳትናገር ሾፌሩ ነዳ።

ካራማራን አልፈናል። የምሄድበት አገር እናት ልጇን ምን ብላ እንደምትጠራ አላውቅም። መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ከዚያ ዝም እላለሁ፤ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ ብችል።