አንጮቴውና የጓዳው ቁልፍ

መጋቢት 20 ቀን 2013፣ ሰኞ

ሥልጠናው ዛሬ አለቀ። ስለ ቤተሰብ የአደጋ ጊዜ ዝግጁነት ነበር። ከመዝገብ ክፍል እኔን የላኩኝ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው... ግን ወደድኩት። መንገድ ቢዘጋ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ውሃ ቢቆም የእናንተ ቤት በምን ይሰነብታል? አሉን። ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። መንገዱ ግን ስንቴ ተዘጋብን?

ስመለስ ቢጫ ጀሪካኖች፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ባቄላና ለጓዳው የሚሆን ትልቅ ጓጉንቸር ገዛሁ። ባሌ ጓጉንቸሩን ሲያይ በሳቅ ሊሞት። "አርሴ፣ ባቄላው እንዳያመልጥሽ ነው?" ይሳቅ። ነርስ ሆኖ ቤቱ ውስጥ አንድ ፋሻ የሌለው ተሬፋ ነው በእኔ የሚስቀው!

ከነገ ጀምሮ ጓሮው ይቆፈራል። ድንች፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር። ዱባም።

ሚያዝያ 1

ድንቹ ተተከለ። ወገቤ ግን የእኔ አይመስለኝም።

ሚያዝያ 6

የተሬፋ እናት ከባኮ መጡ። ሰፈራቸው ስላልተረጋጋ ተሬፋ "እኛ ጋ ሰንብቺ" እያለ ሲለምናቸው ከርሟል። ስማቸው ወርቅቱ ነው። እኔ ግን ልጃቸው እንደሚጠራቸው ሐርሜ ነው የምላቸው፣ እናቴ እንደማለት።

ይዘው የመጡት አንድ ፌስታል ልብስ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውና አንድ ከባድ ማዳበሪያ ነው። ማር መስሎኝ ነበር... ፈትቼ ባየው አፈር የለበሰ ሥር! የሕፃን ራስ የሚያህል። ከጎኑ በጨርቅ የተቋጠረ ትንሽ ዘር።

"አንጮቴ ነው" አሉ። አንጮቴማ አውቃለሁ፣ የመስቀል ሰሞን ገበያ ሲወጣ አይቼዋለሁ። እንደ ድንች የሚበላ ሥር፣ ሐረጉ አጥር የሚወጣ። ግን ሰው ከቤቱ ሲወጣ ሥር ተሸክሞ ይወጣል?

"ይቺ እናት ናት። ከእናቴ ጓሮ ነው የመጣችው" አሉኝ። ሥሩን እንደ ልጅ አቅፈውታል።

መሃል ጓሮ ላይ ቦታ ጠየቁኝ። ዕቅድ አለኝ አልኳቸው። የአጥሩን ጥግ ሰጠኋቸው፣ አመድ የምንደፋበትን። "ገለቶሚ" ብለው አመሰገኑኝ። ቅር ያላቸው አልመሰለኝም... ወይስ ቅር ብሏቸዋል?

ሚያዝያ 14

ዛሬ ተናደድኩ። ከቢሮ ስመለስ ሐርሜ ያንን የተቋጠረ ዘር በአጥሩ ቀዳዳ ለመቲ ሲያቀብሉ ደረስኩ። ለመቲ! መቲ ጎረቤቴ ናት፣ እወዳታለሁ፣ ግን ያንን የሚያህል ጓሮ ይዛ እስከ ዛሬ ያበቀለችው ዶሮ ብቻ ነው። እሷ የተከለችው ቃሪያ እንኳ ሳያፈራ ዶሮ ይጨርሰዋል።

"ሐርሜ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ዘር ለሰው ይሰጣል?"

"ዘር ዓመት ተሻግሮ መቀመጥ አይወድም። አንቺ ቦታ የለሽም። እሷ አላት።"

"እኔ ጋ ቢቀመጥስ?"

"የት? ጓዳው ተቆልፎ" አሉና ወደ ቤት ገቡ። ተሬፋ ሳቁን ለመደበቅ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ያደረገው ነጠላ ጫማ ነው!

ሚያዝያ 25

ፋሲካ በሰላም አለፈ። ውሃ ግን ከሐሙስ ጀምሮ የለም። ስሟ በውሃ የታወቀ ከተማ፣ ቧንቧው ደረቅ! እኔ ግን ተዘጋጅቻለሁ። ጀሪካኖቼ ግጥም ብለው ሞልተዋል... ብዬ ስኮራ አንዱ ጎድሎ አገኘሁት። ሌላው ጭራሽ ቦታው ላይ የለም።

ሐርሜ አጥሩ ጥግ ጎንበስ ብለው በጣሳ አንጮቴያቸውን ያጠጣሉ።

"ሐርሜ! ይሄ እኮ የመጠባበቂያ ውሃ ነው!"

"እሷም መጠባበቂያ ናት።"

ሌላው ጀሪካንስ? ለመቲ ሰጥተውታል። ለሰው! ውሃ በጠፋበት ሳምንት! ኩርፍ ብዬ ገባሁ። በመስኮት አያለሁ። ጣሳውን ያነሳሉ፣ ወገባቸውን ይይዛሉ፣ እንደገና ጎንበስ ይላሉ... አላስቻለኝም። ወጥቼ ጣሳውን ተቀበልኳቸውና ራሴ አጠጣሁላቸው። እንደተናደድኩ ነው ያጠጣሁት። እሱ ይታወቅልኝ።

ሰኔ 11

የመጀመሪያው ጎመን ተቆረጠ። የራሴ ጎመን! ተሬፋ "ከገበያው ይለያል" አለ። ዋሽቶም ከሆነ ጥሩ ዋሽቷል።

ሐረጉ አጥሩን ይዞ ወጥቷል። ሐርሜ በየጠዋቱ ያናግሩታል፣ በኦሮምኛ፣ በቀስታ። እኔንም "ኢንተላ ኮ" ማለት ጀምረዋል፣ ልጄ እንደማለት ነው። እስካሁን "አርሴማ" ነበርኩ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ነሐሴ 9

መንገዱ ተዘጋ። በነቀምቴም በኩል በአዲስ አበባም በኩል መኪና የለም። ኔትወርክም ሄደ። ሰው ሁሉ ሱቅ በር ላይ ተሰልፏል። እኔ ረጋ ብዬ ቁልፌን ከአንገቴ አወረድኩ። ይቺን ቀን ስጠብቅ አልነበር?

ጓጉንቸሩን ከፈትኩ። ባቄላውን ዘገንኩ... ባቄላው ራሱ ተንቀሳቀሰ። ነቀዝ! ከላይ እስከ ታች። ከገዛሁት ጀምሮ አንድ ቀን ፀሐይ አላሳየሁትም። እንዳይነካ ብዬ ቆልፌ ለነቀዝ አሳደርኩት።

ሐርሜ ሰፌድ አመጡልኝ። ተሬፋ ግን መቼ አስችሎት፦ "ጓጉንቸሩ ጥሩ ነው አርሴ። አንድም ነቀዝ አላመለጠም።" በሰፌዱ ጀርባውን አልኩት።

ድንቹ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? ቆፍረን አወጣን። ጎመንም አለ። ሐርሜ ባቄላውን አበጥረው የዳነውን ቆሉት። የተበላሸውን ለመቲ ዶሮዎች ወረወርን። ዶሮዎቹ ፋሲካ የመጣ መሰላቸው። እኛም አልተራብንም። እየሳቅን ነው የበላነው።

ጳጉሜን 3

መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሐርሜ ምሳ አልበሉም። ትናንትም ቀምሰው ተዉት።

"አመመዎት እንዴ?"

"አላመመኝም። ሆዴ ባኮ ነው ያለው።"

ማታ ለተሬፋ ቁርጡን ነገሩት። የአንጮቴዋ ፍሬ ሲቀላ ዘሯን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። "ሐርሜ፣ መንገዱ እኮ..." ሲላቸው "መንገድ ይከፈታል። ዘር ግን ካለፈ አለፈ። ባዶ እጄን አልመለስም" አሉ። ፍሬዎቹን አየኋቸው። ገና አረንጓዴ ናቸው።

እየከሱ ነው። መቀነታቸው አንድ ዙር ጨምሯል። እፈራለሁ።

መስከረም 15 ቀን 2014

እንዴት አድርጌ ነው የማድረው ዛሬ?

ሐርሜ ጸሎት ሄደው ነበር። ገበያ ወርጄ አንጮቴ ፈለግኩላቸው። ከባኮ በኩል ምንም አልገባም። "የመስቀል ሰሞን እኛ አገር አንጮቴ የማይቀቀልበት ቤት የለም" ያሉት ጆሮዬ ላይ አለ። ባዶ እጄን ተመለስኩና አጥሩን አየሁት። የራሳቸው ሐረግ ቁሞ! ከሥሩ ብዙ ይኖራል፣ አንድ ባወጣ ምን ይጎድላል? ያውቁታል፣ ይወዱታል፣ ይበሉታል... ድንች ስቆፍር የከረምኩ ሰው፣ ሁሉ ነገር ድንች መሰለኝ።

አንድ ብቻ ነበረች። ያቺው ያመጧት፣ አሁን ደግሞ ወፍራለች። አፈሩን ስምስ ምንም የለም። ሐረጉ እጄ ላይ ቀረ።

ከነቀልኩ በኋላ ምን ላድርግ? ቀቀልኳት። ከሰዓቱን ሙሉ ተቀቅላ ቢላ አልገባ አላት። ከትክቼ በቅቤ አሸሁት።

ሐርሜ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት አጥሩን ነው። ሐረጉ ጠውልጎ ተንጠልጥሏል፣ ከነአረንጓዴ ፍሬው። ከዚያ ሳህኑን አዩ።

"ኢንተላ ኮ... እናቴን ቀቀልሻት?"

ያኔ ነው የገባኝ። እናት ያሉት ለናፍቆት አልነበረም። ይቺ ሥር አትበላም። ከዓመት ዓመት መሬት ውስጥ ሆና ዘር የምትሰጠው እሷ ናት።

ቁጭ አሉና በሉ። እንጨት እንጨት የሚለውን እያኘኩ፣ ምንም ሳያስተርፉ። "አይጣልም" አሉ። ተነስተው ክፍላቸው ገቡ። ምነው በጮሁብኝ!

መስከረም 16

ተሬፋ "አላወቅሽም እኮ" ይለኛል። ፍሬዎቹን ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፣ ምናልባት ቢቀሉ... ሐርሜ አንዱን ሰንጥቀው አሳዩኝ። ውስጡ ውሃ ብቻ ነው። አልደረሰም።

"ሌላ ሰው ጋ አይገኝም?" አልኳቸው።

"ጎረቤቶቼም ሸሽተው የለ። የማን አጥር ቆሞ ይጠብቃል?"

ከደመራው ብርሃን ይልቅ ያንን ባዶ ጥግ ሳይ አመሸሁ።

መስከረም 17፣ መስቀል

"ቤቶች!" ብላ መቲ ገባች። ሰፌድ ይዛለች፣ በነጠላ ተሸፍኗል። "ሐርሜ፣ ለበዓል ብዬ ነው። ኢላላ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ ደርሷል?"

ነጠላውን ገለጠችው። አንጮቴ! ትንንሽ፣ አፈር ያልለቀቀው፣ ሰፌድ ሙሉ።

ሰፌዱን ተቀበልኳት። "ዶሮዎቹስ?"

"በአጎበር ከለልኩት እንጂ።"

"በምን?" ተሬፋ ከመቀመጫው ተነሳ። "በወባ አጎበር?"

"ምን ላድርግ ኦቦ ተሬፋ! እናቴ ከጉደር የላከችው አሮጌ ነው፣ ቀዳዳ ነው። ትንኝ አይከለክልም፣ ዶሮ ግን ይከለክላል።" ነርሱ ባሌ ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እትዬ አርሴማ፣ በናንተ ውሃ እኮ ነው የበቀለው። ያኔ ውሃ የጠፋ ጊዜ ሐርሜ በጀሪካን ባያቀብሉኝ ኖሮ አልቆለት ነበር።"

ያ የተቆጣሁበት ጀሪካን!

ሐርሜ አንዷን አንስተው አሸተቷት። "አንድ ሳትነቅዪ ትተሻል?" አሏት። "ትቻለሁ እንጂ! ወፍራሟን። እናት ትቅር ብለውኝ የለ?" ሐርሜ መሳቅ ጀመሩ። ስቀው ስቀው እንባቸው መጣ። እጄን ያዙና "አየሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ውሃ አልነበረም። እሷ ባትኖር ቦታ አልነበረም" አሉኝ። እኔማ ለቀቅኩት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አብረን በላን። ለስላሳ ነው፣ ይጣፍጣል። ሐርሜ ሁለቴ አስጨመሩ።

መስከረም 24

ቀይ ሥሩን ነቅዬ መሃል ጓሮ ላይ ቦታ አስለቀቅኩ። ከመቲ የመጣች አንዲት ጥሩ ሥር ከነአፈሯ ተተከለች። ሥሯ እስክታፈራ ሐርሜ ሊቆዩ ነው። "ከአንቺ ልጠብቃት" ይሉኛል። ይጠብቋት። ቢላዬን ሲያዩ ሥሯ ፊት ይቆማሉ። ስድብ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ቀልድ ሆኗል።

ኅዳር 9 ቀን 2015

ሐርሜ ከሄዱ ወር ሊሞላ ነው። ፍሬው ቀልቶ፣ ዘሩ ታጥቦ ደርቆ፣ በዚያው ከባኮ በመጣበት ጨርቅ ተቋጥሮ፣ መንገዱም ደህና ሲሆን ተሬፋ ባኮ ድረስ አደረሳቸው። ቤቱ ጎደለብኝ። ሐረጉን አሁን እኔ ነኝ የማናግረው፣ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ። መቲ በአጥሩ እየሰማች ታርመኛለች።

ዛሬ ዱቄት ለመለካት ጓዳ ገብቼ ስወጣ ትዝ አለኝ... ጓጉንቸሩ የት ሄደ? ቁልፉስ? ከመቼ ጀምሮ ነው ያልቆለፍኩት? ባቄላው በየሳምንቱ ፀሐይ ይሞቃል። ነቀዝ የለም።

ከሰዓት ስልክ ጠራ። ሐርሜ ናቸው። ድምፃቸው እንደ ወጣት ሆኗል። ቤታቸው ቆሟል፣ ጓሮው ግን አረም ውጦታል። የሸሹት ጎረቤቶቻቸው እየተመለሱ ነው። የማንም አጥር ላይ አንጮቴ አልተረፈም። እየመጡ ዘር ይጠይቋቸዋል።

"ሰጧቸው?"

"ሰጠሁ። ሁሉንም።"

"ሁሉንም? ለራስዎስ?"

"ለእኔ አልቀረም።"

ድሮ ቢሆን እጮህ ነበር። ሳቄ መጣ። "ሐርሜ፣ አይዞዎት። እኛ ጋ አለ እኮ። መቲም ጋ አለ።"

"አውቃለሁ ኢንተላ ኮ" አሉ። "ታዲያ ባላውቅ እሰጥ ነበር?"

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ፈልጌ እኛ ጋ ካስቀረነው ዘር ቋጠርኩላቸው። የቀረውን ሰሃን ላይ አድርጌ በአጥሩ ቀዳዳ መቲን ተጣራሁ። ከእሷ ወዲያ ያሉት አዲስ ተከራዮች ጓሯቸውን ሲቆፍሩ አይቻለሁ።